የስድስት ኪሎው ሙዚየም ዲዛይኑ ተመችቶኛል፣ መጽሐፉስ?

አዲስ አበባ የመጣ ሰው የት ሙዚየም ልሂድ ሲለኝ ሳላስብ የምጠራው ስድስት ኪሎን ነው። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ሕንጻ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ኢትኖሎጂካል ሙዚየም የሚሉት። ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ ስላለች ሁሉም ይሄዳል፣ አዳዲሶቹ ደግሞ ትልልቅ ስክሪንና መብራት ስላላቸው ለፎቶ ይሄዳል፣ ይሄኛውን ግን ግቢው ውስጥ አራት ዓመት ተምረው ሳያዩት የተመረቁ ስንት ጓደኞች አሉኝ መሰላችሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለሱ ነው የምጽፈው፣ ሪቪው በሉት፣ ግን ዋናው ጉዳዬ እቃው አይደለም፣ እቃውን እንዴት እንዳስቀመጡትና ከወጣን በኋላ በእጃችን ምን ይዘን እንደምንሄድ ነው።

ያው ሙዚየም ሲባል የለመድነው ምንድነው፣ አንድ የመስታወት ሳጥን፣ ውስጡ ማሰሮ፣ ከስሩ ደግሞ "ማሰሮ" የሚል ወረቀት። ማሰሮ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ፣ እናቴ ቤት አለ። ማን ሠራው፣ ለምን አንገቱ ጠበበ፣ ውሃ ነው ጠላ ነው የሚይዘው፣ ሴትየዋ ጀርባዋ ላይ እንዴት አድርጋ ነው የምታዝለው፣ ምንም የለም። ስሙን የማልጠራው አንድ ሙዚየም ደግሞ ከዚህም ይብሳል፣ አዳራሽ ሙሉ አሻንጉሊት የባህል ልብስ አልብሰው ደርድረዋል፣ እያንዳንዱ ፊት ላይ ያው አንድ አይነት የፈረንጅ አፍንጫ አለ፣ ከፊታቸው የብሔሩ ስም፣ በቃ። ሰዉ ገብቶ የራሱን ይፈልጋል፣ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ይወጣል። የጎረቤቱን እንኳን ቀና ብሎ አያይም።

ስድስት ኪሎ እቃውን በብሔር አልደረደሩትም፣ በክልልም በዘመንም አይደለም። በሰው ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ልጅነት ነው፣ ልደት፣ ጨዋታ፣ ሥርዓቶች፣ ለልጅ የሚነገሩ ተረቶች። ቀጥሎ ጉልምስና ይመጣል፣ እምነት፣ የአርብቶ አደር ኑሮ፣ የባህል መድኃኒት፣ ጦርነት፣ አደን፣ የእጅ ሥራ፣ ወደ ቅዱስ ቦታ የሚደረግ ጉዞ ምናምን። መጨረሻ ላይ ሞት፣ ከሞት በኋላ ያለውም፣ መቃብሩ፣ የመቃብር ሐውልቱ፣ ኮንሶዎች ለሞተ ሰው መታሰቢያ ቀርጸው የሚያቆሙት ዋካ የሚባለው እንጨት። ማለት ከሰሜንም ከደቡብም ከምሥራቅም የመጣው እቃ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ነው ያለው፣ ምክንያቱም ሁሉም ይወለዳል ሁሉም ይሞታል፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። እንዲህ ሲደረደር ጥያቄያችሁ ራሱ ይቀየራል። "የኛዎቹ የት ጋ ናቸው" ብላችሁ ገብታችሁ ትንሽ ቆይቶ "እነዚህ ሰዎች ልጅ ሲወለድ ምን ያደርጋሉ" ማለት ትጀምራላችሁ፣ ከዛ "እኛስ ምን እናደርጋለን" ትላላችሁ፣ ከዛ ደግሞ እናታችሁ ጋ መደወል ያምራችኋል። የእህቴን ልጅ ይዣት ሄጄ የጨዋታው ክፍል ላይ እንዴት እንደቆመች ብታዩ፣ ስልክ ያልለመደ ልጅ ምን እንደሚጫወት እያየች "ይሄ እንዴት ነው የሚሸነፈው?" ትለኛለች። የሚያሸንፈው ሳይሆን የሚሸነፈው፣ ልጅቷ ፔሲሚስት ናት። እኔ ደግሞ ሕጉን ስለማላውቅ ዝም። አጠገባችን የነበሩ አንድ ጋሼ ሰምተዋት ኖሮ ቁጭ ብለው በጣታቸው ወለሉ ላይ እየሳሉ አስረዷት። በዛች ደቂቃ ሙዚየሙ ሥራውን ሠራ እላለሁ እኔ፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድ እቃ ፊት ቆመው ካወሩ ዲዛይኑ አልፏል ማለት ነው።

ሕንጻው ራሱ ደግሞ ግማሹ ታሪክ ነው። ቤተ መንግሥት ነበር አልኳችሁ አይደል። ጣልያን ሲገባ ግራዚያኒ ያዘው፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምቡን የወረወሩት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፣ ከዛ የተከተለውን ጭፍጨፋ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አደባባዩ ላይ ሐውልቱ ቆሟል። በታኅሣሥ 1953ቱ የነመንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ደግሞ እነ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ የተረሸኑት በዚሁ ቤት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ከዛ በኋላ ነው ንጉሡ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት። እና የጃንሆይ መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት፣ የልብስ መቀየሪያ ክፍል እንዳለ አለ፣ ከነአልጋው። የመስታወቷ ነገር ደግሞ አለ፣ ከመፈንቅለ መንግሥቱ የቀረች የጥይት ቀዳዳ ያለባት መስታወት። አልቀየሯትም፣ አልጠገኗትም፣ ትልቅ ፍሬም አድርገው "እነሆ ጥይት" ብለውም አላጋነኗትም። ጠጋ ስትሉ የራሳችሁን ፊት ታያላችሁ፣ ከፊታችሁ ጎን ቀዳዳዋ። ልጅቷ "ማነው የተኮሰው?" አለችኝ፣ "ረጅም ታሪክ ነው" አልኳት፣ "እሺ ንገረኛ" አለች፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እስኪበቃት አወራኋት።

ደረጃ ካነሳን አይቀር፣ ከሕንጻው ፊት ለፊት ውጪ ላይ ወደየትም የማይሄድ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ጣልያኖቹ ናቸው የሠሩት፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት በፈረንጅ ከ1922 ጀምሮ ለያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እያሉ። ከነጻነት በኋላ እኛ አላፈረስነውም፣ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ቁጭ አደረግንበት። በቃ። አንድ ገጽ ጽሑፍ አያስፈልገውም፣ ትንሿ አንበሳ ሁሉን ነገር ተናግራ ጨርሳለች፣ ለኔ በከተማው ካሉት ሐውልቶች ሁሉ ቀልደኛዋ እሷ ናት። ተማሪው ሁሉ ስሯ ተቀምጦ ይጠናናል ግን ደረጃው ምን እንደሆነ ስትጠይቁት "ኧረ እንጃ" ይላችኋል።

ላይኛው ፎቅ ሁለት ነገር አለ፣ በአንድ በኩል የቤተ ክርስቲያን ሥዕላትና መስቀሎች፣ በሌላው በኩል የሙዚቃ መሣሪያዎች። የሙዚቃው ክፍል ጠቆር ያለ ነው፣ መብራቱ መሣሪያዎቹ ላይ ብቻ ነው የሚወድቀው፣ ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይፈሳል፣ በገናው፣ ክራሩ፣ መሰንቆው፣ ዋሽንቱ። ሰው እዚህ ክፍል ሲገባ ድምፁን ይቀንሳል፣ ማንም ዝም በሉ ሳይለው። ይሄ ነው ዲዛይን የምለው፣ ለዲዛይን የግድ ሚሊዮን ብር ስክሪን አያስፈልግም፣ አምፖል የት እንደሚሰቀል ያሰበ ሰው ካለ በቂ ነው።

ሥዕላቱ ጋ ነው የመጽሐፍ ረሃብ የሚጀምረኝ። ስብስቡ በዓለም ላይ ከሚጠቀሱት ነው፣ ሁለት ገጽ ሆነው የሚታጠፉ፣ ሦስት ገጽ የሆኑ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ ትንንሾች። ግን እንዴት እንደሚነበቡ ማን ይንገረን? ለምሳሌ ጥንታውያን ሥዕሎቻችን ላይ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሳላሉ፣ ክፉዎቹ ግን በጎን ናቸው፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታያቸው። ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር ያወቀ ልጅ ክፍሉን በሙሉ እየዞረ "ይሄ ክፉ ነው፣ ይሄ ጥሩ ነው፣ ያ ደግሞ ክፉ" እያለ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ያያል። ያላወቀ ልጅ ደግሞ በአንድ ደቂቃ ጨርሶ ሽንት ቤት የት ነው ይላል። ልዩነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ወይም ደግሞ ብዙዎቹ የእመቤታችን ሥዕሎች ለምን እጃቸውን እንደዛ አጣጥፈው ይታያሉ ብትሉ፣ ሮም ካለችው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል የመጣ አሳሳል ነው፣ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮኖች ቅጂውን ይዘው መጥተው የኛ ሠዓሊዎች ተቀብለው በራሳቸው ቀለምና በራሳቸው ዓይን ቀየሩት። ሃይማኖቱን ግን ገፍተው ሚሲዮኖቹን አባረሯቸው፣ ሥዕሉ ቀረ። ይሄ ታሪክ አይጥምም? ልጅ ቀርቶ እኔን ያስቆመኛል።

የክታቡ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የብራና ጥቅል ክታብ ታውቃላችሁ፣ ጸሎትና አስማት ተጽፎበት፣ ዓይን ዓይን የሆኑ ሥዕሎች ያሉበት፣ ለበሽታና ለክፉ መንፈስ የሚያዝ። በልማዱ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው የሚሠራው፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። እስቲ አስቡት፣ ይሄን አውቃችሁ የተዘረጋ ክታብ ፊት ስትቆሙ የምታዩት ቆዳ አይደለም፣ ሰው ነው። አንዱ ከኔ ያጥራል፣ አንዷ ሴትዮ ትሆን ይሆን፣ ልጅ ይሆን። የእህቴ ልጅ ግድግዳውን ተደግፋ በእጇ ራሷን መለካት ጀመረች፣ ጠባቂው ሳቀ። እኔ ሙዚየም ቢኖረኝ እዛው ጎን ግድግዳ ላይ የቁመት መስመር አሰምርበት ነበር፣ "ያንተ ክታብ ይሄን ያህላል" ብዬ። ወጪው አንድ ማርከር።

እንግዲህ መጽሐፍ። የዚህ ሙዚየም ነገር ከመጽሐፍ ጋር የተወለደ ነው። ተቋሙ በፈረንጆቹ 1963 ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ደግሞ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የሚባሉ ፖላንዳዊ ናቸው ያደራጁት፣ አንድ ሰው ሁለቱንም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ መጽሐፉና እቃው አንድ ቤት ውስጥ፣ አንዱ በላይ አንዱ በታች ነበሩ፣ ላይ ያየኸውን ታች ወርደህ ታነባለህ ማለት ነው። ሐሳቡ ራሱ ከብዙ የውጭ ሙዚየም የቀደመ ይመስለኛል። ችግሩ ቤተ መጻሕፍቱ ለተመራማሪ ነው፣ እሁድ ከልጇ ጋር የመጣች እናት ታች ወርዳ የድሮ መጽሔት አታገላብጥም። እሷ የምትፈልገው ቀጭን፣ ባለ ሥዕል፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶና ኬክ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው።

የተቋሙ የሥዕላት ካታሎግ አለ፣ ሆይናትስኪ ራሳቸው ያዘጋጁት፣ በፈረንጆቹ 2000 ሚላን የታተመ፣ እንደ መዝገብ አይቼው ሥራው ያስደንቃል፣ እያንዳንዱ ሥዕል ከነፎቶው ከነመግለጫው። ግን እንግሊዝኛ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ውድ ነው። ያ መጽሐፍ ለባለሙያ ተጻፈ፣ መጻፍም ነበረበት፣ ቅሬታ የለኝም። እኔ የምለው ከሱ ስር አንድ ታናሽ ወንድም ይወለድለት ነው። እውነት ለመናገር ይሄ የአንድ ሙዚየም ጉዳይ አይደለም። ሌላ ቦታ፣ የሙዚየም ሱቅ ውስጥ ገብቼ "በአማርኛ ስለዚህ ስብስብ የተጻፈ ነገር አለ?" ብዬ ስጠይቅ ልጅቷ መደርደሪያውን ዞር ብላ አየችና "ፖስትካርድ አለ" አለችኝ። ፖስትካርዱ ላይም የተጻፈው እንግሊዝኛ ነው። ቲሸርት አለ፣ የእንጨት መስቀል አለ፣ የቡና ስኒ አለ፣ ቁልፍ መያዣ አለ። ሱቁ ማንን ደንበኛ ብሎ እንዳሰበ ከመደርደሪያው ይታወቃል፣ እኔን አይደለም።

ሌላው አገር እንዴት እንደሚያደርጉት ለማየት ሩቅ አትሂዱ፣ በኛው ቅርስ ላይ የተሠራ ምሳሌ አለ። አሜሪካ፣ ባልቲሞር ያለው ዋልተርስ ሙዚየም ከፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ ጥበብ ትልቅ ኤግዚቢሽን ከፍቶ ነበር፣ በኋላም ሳሌምና ቶሌዶ ሄዷል። ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የኛ ሰው ቅርብ ስለሆነ ስንቱ ነጠላውን ለብሶ ሄዶ አይቶታል። እነሱ ምን አደረጉ፣ ፋቅ ስታደርጓት ሽታ የምትሰጥ ካርድ አዘጋጁ፣ የበርበሬ፣ የዕጣን፣ የብራና መጽሐፍ ሽታ። በርበሬና ዕጣኑ ይሁን ይባላል፣ የብራና መጽሐፍ ሽታ ግን በጣም ነው ያስቀናኝ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ያ ሽታ በነጻ አለ፣ ብራናውም አለ፣ ፍየሉም አለ፣ ፍቆ የሚያዘጋጀው ሰውም እስከ ዛሬ አለ፣ አንድ ቁራጭ ብራና ሰው በእጁ እንዲነካው ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ማንን ይጎዳል? ካታሎጉንም እንደ ሁልጊዜው ወፍራምና የሚያምር አድርገው አሳተሙት። እንግሊዝኛ።

በነገራችን ላይ የጥንት መጽሐፍ ራሱ ለሙዚየም በጣም አስቸጋሪ እቃ ነው፣ እዚህ ላይ ለሁሉም አዝንላቸዋለሁ። መስቀል ብታስቀምጥ ሙሉ መስቀል ነው የሚታየው። መጽሐፍ ግን መስታወት ውስጥ ስታስገባው ሁለት ገጽ ብቻ ነው የሚታይህ፣ የቀረው ሁሉ ተዘግቷል፣ ደግሞ መብራት ቀለሙን ስለሚጎዳው ደብዘዝ ማለት አለበት። እና ሰው መጥቶ የተከፈተውን ገጽ አይቶ "ግዕዝ ነው" ብሎ ይሄዳል። የኛ ብራና ደግሞ የተሠራው ለመስታወት አልነበረም፣ ማኅደር የሚባል የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ፣ በጠፍሩ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሲፈለግ ወርዶ፣ በአትሮንስ ላይ ተዘርግቶ፣ ጮክ ተብሎ ተነቦ፣ ተመልሶ ይሰቀላል። ከማኅደሩ ነጥለን ከፍተን ስናስቀምጠው ግማሹን ነገር ነው ያወጣንበት። እኔ ብሆን አንዱን ማኅደሩ ውስጥ እንዳለ እሰቅለዋለሁ፣ ከጎኑ የገጾቹን ፎቶ በተራ ወረቀት አሳትሜ ጠርዤ በክር አስሬ አስቀምጣለሁ፣ ሰዉ በእጁ ይገልብጥ፣ ይቅደደው ምን አለበት፣ ሌላ ኮፒ ይታተማል። ከሱ ጋር የአንድ ቄስ ወይ ደብተራ የንባብ ድምፅ። ቀዩ ቀለም ለምን ቀይ እንደሆነ፣ ማለት የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መግቢያ በቀይ እንደሚጻፍ፣ ሁለት መስመር ማስታወሻ። አለቀ።

ይሄን ነገር በሌላ መንገድ የገባቸው ዞማ ሙዚየም ናቸው፣ መካኒሳ ያሉት። መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት። እዛ ደግሞ ኤግዚቢቱ ግድግዳው ነው ብል ይቀለኛል፣ ቤቶቹ በጭቃና በጭድ፣ አያቶቻችን በሚሠሩበት ጥበብ ነው የተሠሩት፣ ግን ግድግዳው ላይ ያለው ቅርጽ እጥፋቱ፣ ሞገዱ፣ ጥላው፣ ሰዓት በተቀየረ ቁጥር ሌላ ይመስላል። ጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ነው ብሎ ያደገ ትውልድ ነን እኮ፣ እዛ ገብተህ እጅህን ግድግዳው ላይ ስታሳርፍ የሆነ ነገር ይገለበጥብሃል። ቤተ መጻሕፍት አላቸው፣ የልጆች ትምህርት ቤት አላቸው፣ የሚበላ ነገር የሚበቅልበት አትክልት ቦታ አላቸው፣ ካፌም አለ። መጽሐፍ ማንበቢያው ግቢው ውስጥ ከአትክልቱና ከልጆቹ ጋር አንድ ላይ ስለሆነ ማንበብ እንደ ቅጣት አይመስልም። ስድስት ኪሎ ዕውቀቱ አለው፣ ዞማ አቀራረቡ አለው፣ ሁለቱን አጋብቶ የሚድርልን ሽማግሌ ነው የጠፋው።

ብሔራዊ ሙዚየምን ዝም ብዬ ባልፍ ትጣሉኛላችሁ። እዛ በጣም የምወደው ዲዛይን ድንቅነሽ ናት፣ ምድር ቤት። ቅጂ ናት፣ ዋናዋ አጥንት ለጥንቃቄ ተቀምጣለች፣ ይሄ አያናድዳችሁ። በፈረንጅ 1974 ሃዳር ላይ ስትገኝ ከአጽሟ 40 በመቶ ገደማ ነው የተገኘው፣ እና እነሱ ምን አደረጉ፣ አንዷን ቅጂ የተገኘውን አጥንት ብቻ ጋደም አድርገው አስቀመጡ፣ ሌላዋን ደግሞ የጎደለውን ሞልተው አቆሟት። ሁለቱን ስታዩ የሳይንቲስቱ ሥራ ምን እንደሆነ ያለ ምንም ጽሑፍ ይገባችኋል፣ ከዚህ ተነስተው ነው እዚህ የደረሱት። የቆመችው ደግሞ 1 ሜትር ከምናምን ናት፣ 1.1 ሜትር ገደማ፣ ሕጻናት አጠገቧ ቆመው እኩል መሆናቸውን ሲያዩ የሚያወጡት ድምፅ አለ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለውን ቁጥር ማንም ልጅ አይረዳውም፣ "ከኔ ታጥራለች" የሚለውን ግን ለክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ነው የሚያወራው።

መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ግን ከነዚህ ጋር አላወዳድረውም፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው። እዛ ስለ ላይቲንግ ማውራት ነውር ይመስለኛል። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ትንንሽ የጉርድ ፎቶዎች፣ የመታወቂያ ፎቶ የሚያካክሉት፣ የማንም አጎት የማንም እህት ሊሆኑ የሚችሉ፣ ሥራቸውን ይሠራሉ። ከቻላችሁ አስጎብኚ ይዛችሁ ግቡ፣ ሌላ አልጨምርም።

ወደ ስድስት ኪሎ ልመለስና ለምትሄዱ ሰዎች። ግቢው ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ በር ላይ ፍተሻ አለ፣ መታወቂያ ያዙ። ክፍት መሆኑን ቀድማችሁ አጣሩ። ከሰዓት በኋላ መጨረሻ ላይ አትሂዱ፣ ሲያዋክቧችሁ ላይኛው ፎቅ ያመልጣችኋል። ጠዋት ሂዱ፣ ከልጅነት ጀምራችሁ በቅደም ተከተሉ ሂዱ፣ መኝታ ቤቱን አይታችሁ ትንፋሽ ውሰዱና ሥዕላቱ ጋ ውጡ፣ ሙዚቃውን የመጨረሻ አድርጉት። ልጅ ካላችሁ ደብተርና እርሳስ ስጧት፣ ያየችውን ትሳል፣ የሚታተም መጽሐፍ እስኪመጣ እሷው ትሥራው። የእህቴ ልጅ የሠራችው ክታብ ቤታቸው ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል፣ ሦስት ወረቀት በፕላስተር የተቀጣጠለ፣ በቁመቷ ልክ፣ ላዩ ላይ ዓይን ብቻ ነው የሳለችበት፣ እናቷ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ያስደነግጠኛል ትላለች።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለአደራደሩ አምስት ከአምስት፣ ለሕንጻው አምስት፣ ለሙዚቃው ክፍል አምስት፣ ለውጪዋ አንበሳ ስድስት። መጽሐፉን በተመለከተ እዚህ ከተማ ላሉት ሙዚየሞች በሙሉ በጅምላ ሁለት፣ እሱም ለዞማ ስል ነው። ማተሚያ ቤት ያላችሁ፣ ሥዕል የምትስሉ፣ ተረት የምትጽፉ ልጆች ካላችሁ ደግሞ አርባ ገጽ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ ክታቡን፣ ባለ አንድ ዓይኑን ክፉ ሰውዬ፣ የጥይቷን መስታወትና አንበሳዋን አስገቡበት፣ እኔ አስር ኮፒ እገዛለሁ፣ ለልደት ስጦታ ምን ልውሰድ እያልኩ መጨነቅ ሰልችቶኛል።